አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፦ በመላእክት ጥላ የተማጠኑ፣ አጋንንትን ያሳደዱ ንጉሥ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የተቆረቆረችው ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ታየ ከተባለ ብርሃን ነው። ከተማዋን የመሠረቱት ንጉሥ ዘመናቸውን ሙሉ ስለ ብርሃንና ስለ ጨለማ ሲያስቡ፣ ሲጽፉና ሕግ ሲያወጡ ኖረዋል። መላእክት እንደሚጠብቁ፣ አጋንንት እንደሚያደቡ አጥብቀው ያምኑ ነበር። ይህ እምነታቸው መጻሕፍትን አስገኝቷል፤ የበዓላትን ሥርዓት አጽንቷል፤ ገዳማትን አስገድሟል። ያው እምነት ከፍርሃትና ከጥርጣሬ ጋር በተዳበለ ጊዜ ደግሞ የገዛ ልጆቻቸውን በልቷል። እኒህ ንጉሥ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተወለዱት በ1391 ዓ.ም ገደማ በፈጠጋር ምድር ነው። አባታቸው አፄ ዳዊት፣ እናታቸው እቴጌ እግዚእ ክብራ ይባላሉ። አፄ ዳዊት ለእመቤታችን ልዩ ፍቅር የነበራቸው ንጉሥ ነበሩ። ተአምረ ማርያም ወደ ግዕዝ የተመለሰውም በእርሳቸው ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ልጃቸው ይህን ፍቅር ወርሰው በኋላ የመንግሥት ሕግ አድርገውታል።

በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጅ መሆን ክብር ብቻ ሳይሆን እስራትም ነበር። ወንዶቹ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በአምባ ግሸን ላይ ይጠበቁ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብም የወጣትነት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚህ አምባ ነው። አፄ ዳዊት ካረፉ በኋላ በነበሩት ሃያ ያህል ዓመታት ዙፋኑ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆየ። አፄ ቴዎድሮስ ቀዳማዊ ነግሠው ብዙ አልቆዩም፤ አፄ ይስሐቅ ከአሥር ዓመት በላይ ገዙ፤ ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ግን ዘመናቸው እጅግ አጭር ነበር። ከአምባው ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው ዙፋን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚናወጥ፣ በዙፋን ዙሪያ ምን ያህል ሤራ እንደሚጎነጎን ሳይማር አይቀርም። ዘርዓ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም ከአምባው ወርደው ሲነግሡ ይህን ትምህርት ይዘው ነው የወረዱት። ጥቂት ዓመታት ቆይተውም ወደ አክሱም ሄደው በጥንታዊው ሥርዓት የንግሥ በዓላቸውን ፈጸሙ።

በነገሡ ጊዜ ያገኟት ቤተ ክርስቲያን በውስጥ ክርክር የታመሰች ነበረች። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና ትከበር ይላሉ፤ ሌሎች ይህን ይቃወማሉ። ክርስትና ገና ሥር ባልሰደደባቸው ስፍራዎች ደግሞ ሕዝቡ ስመ ክርስትና እየተጠራ ለዛፍና ለምንጭ ይሰግዳል፤ ጠንቋይ ይጠይቃል፤ ለልዩ ልዩ መናፍስት መሥዋዕት ያቀርባል። የንጉሡ ዜና መዋዕል ከእነዚህ መናፍስት መካከል ደስክና ዲኖ የተባሉትን በስም ያነሣል። ለዘርዓ ያዕቆብ እነዚህ ተራ የባላገር ልማዶች አልነበሩም። በእርሳቸው ዘንድ እያንዳንዱ የጠንቋይ ደጃፍ የሰይጣን በር ነበር።

የንጉሡን እርምጃ ለመረዳት በዘመኑ የነበረውን የመላእክትና የአጋንንት ትምህርት ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሳጥናኤል ከመላእክት ወገን የነበረ፣ በትዕቢቱ ከክብሩ የወደቀ ነው። ከእርሱ ጋር የወደቁት አጋንንት ሆነው ሰውን ያስታሉ። በአንጻሩ ቅዱሳን መላእክት ጸሎትን ያሳርጋሉ፤ ሰውን ይጠብቃሉ። መጽሐፈ ሄኖክ ስለ መላእክት ማዕርግና ስለ ወደቁት መላእክት በሰፊው ይተርካል፤ ቅዱስ ፋኑኤልንም ሰይጣናትን የሚያባርር መልአክ አድርጎ ይገልጸዋል። ይህ መጽሐፍ በሌላው ዓለም ተረስቶ ሳለ በግዕዝ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በኢትዮጵያ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብም መጽሐፈ ሄኖክን አንቀበልም ከሚሉ ጋር ተከራክረዋል፤ ምስክርነቱንም በድርሰቶቻቸው ተጠቅመውበታል። ገበሬው ዛሬም በየወሩ በ12 ሚካኤልን፣ በ19 ገብርኤልን የሚዘክረው በዚሁ ትምህርት ጥላ ሥር ሆኖ ነው።

ንጉሡ ይህን ትምህርት ከካህናት አፍ ወደ እያንዳንዱ ቤት ለማድረስ ቆረጡ። ካህናት በሰንበታትና በበዓላት ሕዝቡን ሰብስበው እንዲያስተምሩ አዘዙ፤ ይህን ቸል ያለ ካህን ይቀጣ ነበር። እያንዳንዱ ክርስቲያን የነፍስ አባት እንዲይዝ ታዘዘ። ሠላሳ ሦስቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያምም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት ተሠራ። መስቀል በልብስና በጦር መሣሪያ ላይ ብቻ ሳይሆን በገበሬው የእርሻ ዕቃ ላይ ሳይቀር እንዲደረግ ተወሰነ። ንጉሡ የሰይጣን ሽንገላ ከቤተ መንግሥት እስከ ጎታና እስከ ማሳ ይደርሳል ብለው ያምኑ ስለነበር መስቀሉም እስከ ማረሻው እንዲደርስ ፈለጉ።

ከሁሉ የከበደው ትእዛዝ ግን በአካል ላይ የሚጻፈው ነበር። ሰው ሁሉ በግንባሩ የአብን፣ የወልድንና የመንፈስ ቅዱስን ስም እንዲጽፍ ታዘዘ። በቀኝ እጁ በክርስቶስ ስም ሰይጣንን መካዱን፣ በግራ እጁም ርጉም ደስክን መካዱንና የእመቤታችን አገልጋይ መሆኑን እንዲያመለክት ተደነገገ። ትእዛዙን የተላለፈ ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። በጥምቀት ጊዜ አንድ ጊዜ በቃል የሚነገረው ሰይጣንን የመካድ ኪዳን በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በየዕለቱ በሰውነት ላይ የሚታይ ምልክት ሆነ።

ይሁን እንጂ ንጉሡን በዚህ ብቻ መመዘን ፍርደ ገምድል መሆን ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከኢትዮጵያ ነገሥታት መካከል እንደ እርሳቸው ያለ ጸሐፊ ማግኘት አስቸጋሪ የሆነ ሊቅ ነበሩ። መጽሐፈ ብርሃን፣ መጽሐፈ ሚላድና ጦማረ ትስብእት በስማቸው ከሚጠሩት ድርሰቶች መካከል ናቸው። በእነዚህ መጻሕፍት ስለ ሥላሴ፣ ስለ ክርስቶስ ልደትና ስለ ሰንበት ያስተምራሉ፤ አስማተኞችንና መሠርያንን ያወግዛሉ። የሰንበትን ክርክር በጦር ሳይሆን በጉባኤ ፈቱት። በ1442 ዓ.ም በተጉለት በሚገኘው ደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተሰብስቦ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወሰነ፤ ለብዙ ዓመታት የተለያዩ ወገኖችም ታረቁ።

ደብረ ምጥማቅ ራሷ የንጉሡን ልብ የምታሳይ ናት። በግብፅ ምድር እመቤታችን ትገለጥበት ነበር የሚባለው የምጥማቅ ገዳም መፍረሱ በተሰማ ጊዜ ንጉሡ እጅግ አዘኑ። ለመታሰቢያውም በአገራቸው በዚያው ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በዘመናቸው በኢየሩሳሌም የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎሬንስ ላይ በተካሄደው ታላቅ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተገኝተዋል። በ1438 ዓ.ም በልደት በዓል ዕለት ደግሞ ከአዳሉ ሱልጣን በድላይ ጋር ጎሚት ላይ ተዋግተው ድል አደረጉ፤ በድላይም በጦርነቱ ወደቀ። በትውፊት እንደሚነገረውም የጌታችን ግማደ መስቀል በመስቀለኛው የግሸን አምባ ላይ ያረፈው በእርሳቸው እጅ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚጎርፈው ምእመን ይህን ትውፊት ያስታውሳል። በወጣትነታቸው የተጠበቁበት አምባ በንግሥናቸው ዘመን የመስቀሉ ማረፊያ ሆነ ማለት ነው።

የንጉሡ ቅንዓት መልኩን መለወጡ በግልጽ የታየው ከእስጢፋኖሳውያን መነኮሳት ጋር በተጋጩ ጊዜ ነው። በአባ እስጢፋኖስ የተመሠረተው ይህ የመነኮሳት ማኅበር በትግራይ ምድር በጉንዳ ጉንዶ የጸና ነበር። መነኮሳቱ ጥብቅ ምንኩስናን የሚከተሉ፣ በእጃቸው ሠርተው የሚበሉ ነበሩ። ለንጉሥ አንሰግድም ማለታቸው ከቤተ መንግሥቱ ጋር አጣላቸው። ለመስቀልና ለእመቤታችንም አይሰግዱም ተብለው ተከሰሱ። በንጉሡ ዓይን ይህ ከሰይጣን ወገን መቆም ነበር፤ በመነኮሳቱ ዓይን ግን ስግደት ለፈጣሪ ብቻ የሚገባ ነው። ክርክሩ በጉባኤ እንደተፈታው እንደ ሰንበት ጉዳይ አልሆነም። መነኮሳቱ ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይም ተወገሩ።

የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው እነዚህ መነኮሳት የተወገሩት የካቲት 2 ቀን ነው። ከ38 ቀናት በኋላ፣ በመጋቢት 10 የመስቀል በዓል፣ በዚያው ስፍራ ብርሃን በሰማይ ታየ፤ ለብዙ ቀናትም ቆየ። ንጉሡ ይህን ፍርዳቸው በሰማይ የተወደደበት ምልክት አድርገው ቆጠሩት፤ ስፍራውንም ደብረ ብርሃን ብለው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩበት። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ብርሃኑን በ1448 ዓ.ም ከታየው ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ብርሃኑ ምንም ይሁን ምን፣ ከዚያ በፊት እንደ አባቶቻቸው ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዘዋወሩ የኖሩት ንጉሥ ከዚህ በኋላ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በዚያች ደጋ ከተማ አሳለፉ።

የደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥት ሕይወት ግን ስሙን የሚመስል አልነበረም። ንጉሡ መሠርያን በቅናት ተነሥተው በአስማት ሊያጠፉኝ ያደባሉ ብለው ይሠጉ ነበር። ስለዚህ ካህናት ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ መዝሙረ ዳዊት ያነባሉ፤ ጠበልም ይረጫሉ። አገር በጦር የማይደፍራቸው ንጉሥ በአጥራቸው ውስጥ ሆነው የማይታይ ጠላት ይጠብቁ ነበር። የማይታይን ጠላት የሚጠብቅ ሰው ደግሞ በመጨረሻ በሚታየው ሰው ላይ መጠርጠሩ አይቀርም።

በዚህ ጊዜ ከሳሾች ተነሡ። እገሌ ለደስክና ለዲኖ ይሰግዳል ብሎ በንጉሡ ፊት መናገር ሰውን ለሞት ለመዳረግ በቂ ሆነ። የተከሳሹ ክህደት በምን ይረጋገጣል? ጋኔን አይታይ፣ አይመሰክር፤ መሥዋዕቱ በጨለማ ተደረገ ከተባለም ምስክሩ ከሳሹ ብቻ ነው። ጠብ ያለው ጠበኛውን፣ ሹመት የፈለገ ሹሙን የሚያጠፋበት መሣሪያ ተገኘ። ዜና መዋዕሉ ራሱ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሁሉ ታላቅ ፍርሃት እንደነበረ ይመሰክራል።

እሳቱ ወደ ንጉሡ ቤት ለመግባት አልዘገየም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የየአገሩን ገዢዎች አንስተው በምትካቸው ሴቶች ልጆቻቸውን ሾመው ነበር። ይህም ከልጆቻቸው በቀር የሚያምኑት ሰው እየጠፋ መሄዱን ያመለክታል። ነገር ግን ክሱ በልጆቻቸውም ላይ መጣ። ገላውዴዎስ፣ ዓምደ ማርያም፣ ዘርዓ አብርሃምና በትረ ጽዮን ከወንዶቹ፣ ድል ሰመራ፣ ሮም ገነየላና አዳል መንገሣ ከሴቶቹ በመናፍስት አምልኮ ተከሰው ተቀጡ፤ ከልጆቻቸውም በግርፋቱ ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። ንጉሡ ሕዝቡን ሰብስበው ስለ እግዚአብሔር ቅንዓት ለልጆቻቸው እንኳ እንዳልራሩ አሳዩ። ሕዝቡም አለቀሰ።

ሐዘኑ በዚህ አላበቃም። የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ልጇን ለማንገሥ አሢራለች ተብላ ተጠረጠረች፤ ተደበደበችም፤ ከዚያም የተነሣ ሞተች። ልጇ በእደ ማርያም ለእናቱ መታሰቢያ ዕጣንና ጧፍ ወደ ቤተ ክርስቲያን መስጠቱ ሲሰማ ንጉሡ ተቆጡ፤ ልጁም መከራ ተቀበለ። ለሞተች እናት የሚበራ ጧፍ እንኳ እንደ ሤራ የሚቆጠርበት ዘመን ሆነ። በመጨረሻ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ገብተው አማለዱ፤ አባትና ልጅ ታረቁ፤ በእደ ማርያምም ወራሽ ሆነ።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ 34 ዓመታት ነግሠው በ1460 ዓ.ም በደብረ ብርሃን አረፉ። ልጃቸው አፄ በእደ ማርያም በነገሡ ጊዜ ከፈጸሟቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ በአባታቸው ዘመን የታሰሩትን መፍታት ነበር። የየአገሩንም ሹመት ወደ ቀድሞው ሥርዓት መለሱ። አዲሱ ንጉሥ የአባታቸውን ሃይማኖት አልለወጡም፤ ሰይጣን የለም፣ መላእክትም አይረዱም አላሉም። የለወጡት ፍርዱን ነው። የእናታቸውን ሞት ያዩ ሰው ስለነበሩ በሰይጣን ስም የሚቀርብ ክስ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ያውቃሉ።

የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዐፅም ዛሬ በጣና ሐይቅ በሚገኘው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ከሌሎች ነገሥታት ዐፅም ጋር ያርፋል። ሥራቸው ግን በደሴቱ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በየደብሩ የሚነበበው ተአምረ ማርያም፣ ምእመኑ የሚይዘው የነፍስ አባት፣ የሁለቱ ሰንበታት መከበር፣ የግሸን ንግሥ ሁሉ የእርሳቸው እጅ ያለባቸው ናቸው። ደብረ ብርሃንም ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ አልፎ ሕዝብ የሚኖርባት ትልቅ ከተማ ሆናለች።

ከታሪካቸው የሚቀረው ትምህርትም አለ። ቤተ ክርስቲያን ስለ መላእክትና ስለ አጋንንት የምታስተምረው ሰው ራሱን እንዲመረምር፣ ከክፋት እንዲርቅ፣ በመከራ ጊዜም ብቻዬን ነኝ እንዳይል ነው። ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ሲያማትብ፣ እናት የታመመ ልጇን ጠበል ስታስጠምቅ ትምህርቱ ብርታት ይሰጣል። ያው ትምህርት ወደ ጎረቤት ጣት መቀሰሪያ ሲለወጥ ግን መልኩ ይለወጣል። በገጠራችን ሸክላ የሚሠሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸማ የሚሸምኑ ባለሙያዎች ቡዳ እየተባሉ ለዘመናት ተገልለው ኖረዋል። ልጅ በታመመ ጊዜ፣ ከብት በሞተ ጊዜ መተተኛ ተብሎ ስሙ የሚጠፋ ሰው ዛሬም አለ። እንዲህ ያለውን ክስ ተከሳሹ የሚያስተባብልበት መንገድ የለውም፤ የደስክና የዲኖ ተከሳሾችም አልነበራቸውም።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰይጣንን ለማሸነፍ የነበራቸው ምኞት እውነተኛ ነበር፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። ለምኞታቸው መጻሕፍትን ጻፉ፣ አብያተ ክርስቲያናትን አነጹ፣ ሕዝብን አስተማሩ። በትምህርትና በጉባኤ የሠሩት ሁሉ እስከ ዛሬ ቆሟል። በጥርጣሬና በግርፋት የሠሩትን ግን የገዛ ልጃቸው በነገሠ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አፈረሰው።